ደብረ ብርሃን የረሳሁት ሲጋራ ድሬ ስገባ ለምን ተመለሰ?

ጠያቂው (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
አቦ ሰላም ናችሁ? የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ባለፈው ሰኔ መኪናዬ ተበላሽቶ ደብረ ብርሃን ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። እዚያ በቀን ሁለት ሲጋራ ካጨስኩ ብዙ ነው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ድሬ በገባሁ ማግስት ከምሳ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር የጫት በርጫ ተቀመጥኩ። ምርቃናው ሲመጣ እጄ ወደ ሲጋራ ሄደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፓኬቱ አለቀ። ሰውዬው ያው እኔ ነኝ፣ የተለወጠው ከተማው ነው። ማታ የስድስት ዓመት ልጄን ልስማት ስል ፊቷን አዞረችብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቦታ ሰውን ይህን ያህል ያስጨሳል?

ነርስ ነኝ፣ ከሐረር
ወንድሜ፣ ያስጨሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂው 5 በመቶው ትምባሆ ይጠቀማል፤ ወንዶች 8.1፣ ሴቶች 1.8 በመቶ። አማካዩ ግን ያታልላል። እንደኛ ጫት በሚዘወተርበት ምሥራቅ ከፍ ይላል፣ ወደ ሰሜን ዝቅ። አንጎልህ ምንጣፉን፣ ገራባውን፣ የጓደኞችህን ድምፅ ሳይቀር ከኒኮቲን ጋር አስሮታል። ደብረ ብርሃን ያ ሁሉ አልነበረም። በርጫው እያለ ሲጋራውን ብቻ መተው ይከብድሃል። ይህን አልደብቅህም።

የደቻቱ ልጅ፣ አሁን ኦሃዮ
እዚህም ይኸው ነው። ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ ቁጥር ይጠቀልሏቸዋል እንጂ፣ እኛ ባለንበት መካከለኛው ምዕራብ የሚያጨሰው ከምዕራቡ ይበልጣል። ከውጭ የመጣነው ጥቁሮች ደግሞ እዚሁ ከተወለዱት በጣም ያነሰ እናጨሳለን። ቆዳው አንድ ነው፣ የሚለየው ሰፈሩ ነው። ከሚያጨሱት ጥቁሮች 85 በመቶ ያህሉ ሜንቶል፣ ማለትም የሚንት ጣዕም ያለውን ሲጋራ ነው የሚያጨሱት። ጉሮሮ ስለሚያቀዘቅዝ ጭሱ ሳይቆረቁር ይገባል። ኩባንያዎቹ ማስታወቂያውን ለዓመታት ጥቁሮች ሰፈር ነው የለጠፉት፤ ሳስበው ያንገበግበኛል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የሜንቶሉን ሽያጭ ከለከለች። እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጣዕም ያለውን ሲጋራ ቀድሞ አግዷል።

ጠያቂው
እህቴ፣ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐሙስ በርጫውን ቀርቼ ልጄን ይዤ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ወጣሁ። ሱቅ በደረቴው ሲያልፍ አልጠራሁትም። ያን ቀን ሦስት ፍሬ ብቻ ነው ያጨስኩት።