ክሩ ከጀርባ የበዛበት የሉክናው ኩርታ፣ ተሸውጄ ይሆን?

ነጭ ክር፦
ሰላም ናችሁ? የሕንድ የእጅ ጥልፍ የምታውቁ እርዱኝ። ሕንድ፣ ሉክናው ከተማ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ነጭ በነጭ የተጠለፈ ኩርታ (ረጅም ሸሚዝ) ገዛሁ። «የእጅ ሥራ ነው፣ ቺካንካሪ ነው»፣ ማለትም ቺካን የሚባለው የሉክናው ጥልፍ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ። ማደሪያዬ ገብቼ በደንብ ሳየው ግን አንዳንድ ነገር ከነከነኝ። ቅጠሎቹ እኩል አይደሉም። አበቦቹ ዙሪያ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነገር አለ፣ ቆሻሻ ነው የሚመስለው። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ፣ ክሩ ከፊት ይልቅ ከጀርባ ነው የበዛው፣ ጨርቁን ገልብጠው የሰፉት ሁሉ መሰለኝ። አብሬ የገዛሁት ዱፓታ (ሻርፕ) ደግሞ ዳር ዳሩ ወርቃማ ሽቦ ነው ተብዬ ነው፣ እሱስ እንዴት ነው የሚታጠበው? ተሸውጄ ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

መርፌ ወዳጅ፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔ ብሆን እነዚህን ነገሮች ፈልጌ ነው የምገዛው። ከጀርባ የበዛው ክር ባኪያ የሚባለው ስፌት ነው። ክሩ ከጨርቁ ኋላ ወዲህና ወዲያ እየተሻገረ ቅጠሉን ይሞላዋል፣ ከፊት የሚታይሽ ዙሪያውን የሚሄዱት ጥቃቅን ስፌቶችና በስሱ ጨርቅ አልፎ የሚመጣው የክሩ ጥላ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስስ ጨርቅ የሚመርጡት፣ በወፍራም ጨርቅ ላይ ጥላው ከየት ይመጣል?

ሰማያዊውም ቆሻሻ አይደለም። ጥልፉ ከመጀመሩ በፊት ንድፉን በእንጨት ማኅተም፣ በውኃ በሚለቅ ቀለም ጨርቁ ላይ ያትሙታል። ጠላፊዎቹ አብዛኞቹ ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፣ ያንን መስመር ተከትለው ይሰፋሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ልብሱ ይታጠባል። ያንቺ በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ይመስለኛል። አንድን ልብስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው የሚጨርሱት፣ አንዷ ባኪያውን ሌላዋ ጃሊ የሚባለውን ወንፊት መሳይ ሥራ። ቅጠሎቹ እንዴት እኩል ይሁኑ?

ሰንሰለት ስፌት፦
ባኪያው ላይ እስማማለሁ፣ ግን «እኩል ካልሆነ የእጅ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። ኩርታውን ገልብጪና ክሩን ተከተይ። የማሽን ጥልፍ ሁለት ክር ነው ያለው፣ የላይኛውና ከታች የሚይዘው። ከጀርባ ያ የታችኛው ክር ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። በእጅ የተሠራው ላይ ግን ክሩ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ታገኛለሽ።

ከዚያ እንደ ሩዝ ፍሬ ሞላላ የሆኑትን ሙሪዎችና ክብ የሆኑትን ፋንዳዎች በጣትሽ ዳብሺ፣ ከጨርቁ ከፍ ብለው መቆም አለባቸው። ወንፊት የመሰለው ጃሊ ካለው ደግሞ ቀረብ አድርገሽ እይው። ጃሊ ላይ የጨርቁ ክር አይቆረጥም፣ በመርፌ ወደ ጎን ተገፍቶና ተስቦ ነው ቀዳዳው የሚፈጠረው። ጨርቁ ተበስቶ ዳሩ የተሰፋ ከሆነ ጃሊ አይደለም። እኔ የእጅ ጥበቡን ልክ የማየው እዚህ ላይ ነው፣ ስስ ጨርቅን ሳይቀዱ ይህን መሥራት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

በነገራችን ላይ የሉክናው ቺካን እ.ኤ.አ. በ2008 ጂኦግራፊያዊ መለያ፣ ማለትም ስሙን ከአካባቢው ጋር የሚያያይዝ ሕጋዊ ጥበቃ፣ ተሰጥቶታል። ሱቁ ስሙን መጥራቱ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም።

የፑንጃብ ልጅ ጎረቤት፦
ከጀርባ መሥራት በቺካን ብቻ አይደለም። ፑልካሪ የሚባለው የፑንጃብ ጥልፍም ከጨርቁ ጀርባ ነው የሚሠራው። ሳይነድፉ፣ የጨርቁን ክሮች እየቆጠሩ። ጎረቤቴ የአያቷን አሳይታኝ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ሐር ነበር፣ ጀርባው ላይ ግን ነጠብጣብ ብቻ። ከባኪያ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ወርቀ ዘቦ፦
ስለ ዱፓታው ልመልስልሽ። ዛርዶዚ የሚባለው የወርቃማ ሽቦ ጥልፍ ከሆነ ቤት ውስጥ አታጥቢው፣ ካውያም አታስነኪው። «ዛር» በፋርስኛ ወርቅ ነው፣ «ዶዚ» መስፋት። ጨርቁን አራት እንጨት ላይ ወጥረው፣ ብዙ ሰው ዙሪያውን መሬት ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ሽቦው እንደ ምንጭ ተጠምጥሞ ትንንሽ ቱቦ ይሆናል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ እንደ ዶቃ በመርፌ ይሰፋል። ድሮ ወርቅ የተቀባ ብር ነበር፣ ዛሬ በብዛት መዳብ ወይም ፕላስቲክ ነው። ብረቱ በላብና በሽቶ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ሽቶ ቀድመሽ ተቀቢ። በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፣ ጥልፉ ላይ አትጠፊው።

ነጭ ክር፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ኩርታውን ገልብጬ አየሁት፣ ክሩ የተጀመረበት ቦታ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሙሪዎቹም ከፍ ከፍ ብለዋል። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፍኩት፣ ሰማያዊው ለቀቀ። ዱፓታው ግን ቱቦ የሚባል ነገር የለውም፣ የሚያብረቀርቅ ክር ብቻ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ነጭ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል።

ሰንሰለት ስፌት፦
እሱ የማሽን ነው። ኩርታው ግን አንጀቴን አራሰው፣ አደራ ብሩሽ እንዳታስነኪው።