«3.00» ከየት እስከ የት ነው? እባካችሁ ገላግሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጂ+1 ቤት እየሠራሁ ነው፤ ደረጃው ላይ ተጣበቅኩ። ፕላኑ «የፎቅ ከፍታ 3.00» ይላል፤ ደረጃው 18 ከፍታ (ከአንዱ መርገጫ እስከ ቀጣዩ ያለው ቁመት) አለው። ፎርማኑ 3 ሜትሩን ከታች ወለል እስከ ሶሌታው (የላይኛው ፎቅ የአርማታ ወለል) ሥር ነው የሚለካው። እኔ ግን ከወለል እስከ ላይኛው ወለል ይመስለኛል። ሶሌታው 15 ሳንቲም ነው። በኔ ስሌት አንዱ ከፍታ 16.7 ሳንቲም ገደማ፣ በሱ ደግሞ 17.5 ይሆናል። ለጉልበታም ምንም አይደል፣ እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል። ሊሾና ሴራሚኩንማ ማንም አልቆጠረው! እሱ ከተረሳ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደረጃ ከሌሎቹ ይለያሉ፤ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው።

አርክቴክቱ ስልክ አያነሳም። አርማታው ቅዳሜ ይሞላል። ሙያው ያላችሁ፣ «የፎቅ ከፍታ» ሲባል የቱ ነው? ከወለል እስከ ሶሌታው ሥር ያለው ባዶ ቁመትስ በፕላን ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?