ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ መስጠት ቲማችንን እያፈረሰው ነው፤ እናንተ ምን አደረጋችሁ?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ጀመዓ። ደሴ ነኝ። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጆች አምስት ሆነን አንድ የስልክ ጌም እንጫወታለን። አስማተኛ፣ ዘንዶ፣ ታወር የሚባል ግንብ ያለበት፣ አምስት ለአምስት የሚገጠምበት ዓይነት ነው። ማታ ማታ የጓደኛችን ሱቅ በር ላይ ተኮልኩለን እናመሻለን። እኔ ታንክ ነኝ። ቀድሜ እገባለሁ፣ ዱላውን እኔ እቀበላለሁ፣ ከኋላዬ ያሉት ይገድላሉ። ወድጄ የያዝኩት ቦታ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። ጨዋታው እኩል ለእኩል ነበር። ዘንዶውን ከበን እየመታነው ነው፤ ትንሽ ደም ነው የቀረው። ያኔ ዋናው ገዳያችን አንድ የቆሰለ ጠላት ሲሸሽ አየና ጥሎን ተከተለው። «ተመለስ! ተመለስ!» ብለን ጮህን። «አንድ ኪል ብቻ» አለ። ኪሉን አገኘ። እኛ አራታችን እዚያው ዘንዶው ጉድጓድ ውስጥ አለቅን። ዘንዶውን እነሱ ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ ዋና ምሽጋችን ፈረሰ።

ከዚያ የውጤት ሰሌዳው መጣ። እሱ 11 ገድሎ 9.4 ተሰጠው፤ የተሸናፊው ቲም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እኔ 4.1። የቆሰልነውን የሚያክመው ሂለራችን 3.8። ሂለሩ በዕድሜ ከሁላችንም ያንሳል፣ ገና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ምንም አልተናገረም። ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ገዳያችን ደግሞ ስክሪንሾቱን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፈው። ተሸንፈን እኮ ነው!

በማግስቱ ሂለሩ «ከዛሬ ጀምሮ እኔም ገዳይ ነው የምይዘው» አለ። ሦስት ጌም ተከታትለን ተሸነፍን። አልፈረድኩበትም። ልጁ ሲያድነን ያመሸው ነገር ከቁጥር አልገባለትም።

እና ጥያቄዬ፣ የቲም ጨዋታ ላይ ለየሰዉ ነጥብ መስጠት ምን ይጠቅማል? የሚያባላን ሰሌዳው ነው ወይስ እኛው ነን? ለአረፋ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ቀጠሮ አለን፤ እንዲህ ሆነን መግጠም አልፈልግም።

ቦርከና፦

አብሽር ወንድሜ። ኮምቦልቻ ነኝ፤ ቀጠሮው ከእኛ ጋር ነው።

እኔ ቁጥሩ ይጥፋ አልልም። ቁጥር ከሌለ ሰነፍ ይደበቃል። ታወር ሥር ቆሞ ሚኒየን የሚባሉትን ትናንሽ ወታደሮች ሲለቅም የሚያመሽ ልጅ ነበረን። ስናሸንፍ አብሮን ይጨፍራል። ምንም እንደማይሠራ ያወቅነው ሰሌዳውን አይተን ነው።

ግን ዶታ 2 የሚባለውን የአምስት ለአምስት ጌም ተመልከት። እዚያም ሰሌዳ አለ፤ ማን ስንት ገደለ፣ ስንት ሞተ፣ ሁሉም ይታያል። ራንክህ የሚወጣውና የሚወርደው ግን በማሸነፍና በመሸነፍ ነው። 20 ገድለህ ከተሸነፍክ ትወርዳለህ። አንድም ሳትገድል ካሸነፍክ ትወጣለህ። ትልቁን የዶታ 2 ውድድር፣ ዘ ኢንተርናሽናልን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ተከታትሎ ያሸነፈው ኦጂ የሚባል ቲም ነው። አምበሉ ኖቴይል አምስተኛ ቦታ የሚጫወት ሰፖርት፣ ማለትም ደጋፊ ተጫዋች ነበር። አምስተኛ ቦታ ማለት ከቲሙ ወርቅ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ነው። ጠላትን የሚያሳይ ዋርድ ይተክላል፣ ሌላው እንዲተርፍ እሱ ይሞታል። እንዲህ ያለ ሰው አምበል ሆኖ ሁለት ጊዜ ዋንጫ በልቷል። ይህን ለሂለራችሁ ንገረው።

ሐይቅ ዳር፦

ልጄ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ጌሙን አልጫወትም፤ ጽሑፍህን ያሳየኝ ልጄ ነው። የጻፍከውን ግን ክፍሌ ውስጥ አውቀዋለሁ።

የቡድን ሥራ ስሰጥ ለስድስቱም አንድ ዓይነት ማርክ እሰጥ ነበር። ሁለቱ ይጽፋሉ፣ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ለየብቻ ማርክ ስሰጥ ደግሞ ጎበዙ ደብተሩን በክንዱ ይሸፍን ጀመር። በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ጠርቼ «ማን ረዳህ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። የብዙዎቹ መልስ አንዲት ልጅ ሆነች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። በእረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ታስረዳቸው ኖሯል። እኔ አላየኋትም ነበር።

በወንፈልም ማን ስንት ነዶ አሰረ ተብሎ አይቆጠርም። የቀረ ሰው ግን ይታወቃል። ዜማ የሚያወጣው ሰው ከሌላው ያነሰ ያጭዳል፤ እሱ የቀረ ቀን ግን ሥራው አይገፋም። ለእሱም እኩል እንጀራ ይቀርብለታል። ሰሌዳችሁ ዜማ አውጪውን አያይም፤ የማየው እዚያ ላይ ነው ችግሩን።

ወልድያ 07፦

ብሊዛርድ የሚባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሂሮስ ኦፍ ዘ ስቶርም የሚባል ጌም አለ። ኤክስፒው፣ ሌቭል የሚያስጨምረው የልምድ ነጥብ፣ የጋራ ነው፤ ሌቭል የሚጨምረው ቲሙ እንጂ አንተ ብቻህን አይደለህም። ወርቅ አጠራቅሞ ዕቃ መግዛት የለም። ስጫወተው «ኪሌን ሰረቅከኝ» ብሎ የተጣላ ሰው አላየሁም። ግን እንደነ ዶታ አልገነነም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ብሊዛርድ ራሱ ትልቁን ውድድሩን አቆመው። ሰው የራሱን ሥራ ለይቶ ማየትም ይፈልጋል መሰለኝ።

የጦሳ ልጅ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እትዬ፣ የእርስዎን ጥያቄ ትናንት ማታ ሞከርነው።

ጌሙ እንዳለቀ ሰሌዳውን ሳናይ እያንዳንዳችን አንድ ስም እንጠራለን፦ «ማን አዳነህ?» የራስን ስም መጥራት አይቻልም። ባለሱቁ ጓደኛችን በዱቤ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ይጽፋል። አራት ጌም ተጫወትን፣ 20 ስም ተጻፈ። ሂለሩ 9 ጊዜ። እኔ 6። ገዳያችን 2። የቀረውን ሁለቱ ልጆች ተካፈሉት።

ሂለሩ መጀመሪያ ላይ ገዳይ ካልያዝኩ ብሎ አስቸግሮን ነበር። «ለዛሬ ብቻ» ብለን ለምነን ነው የመለስነው። ከሁለተኛው ጌም በኋላ የሚለምነው አላስፈለገውም።

ገዳያችን ደብተሩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። በአራተኛው ጌም ዘንዶው ጋ ስንደርስ አንድ የቆሰለ ጠላት በአጠገባችን ሸሸ። ቀና ብዬ አየሁት። አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ወደዚያ ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ። አብሮን ቆመ። ዘንዶውን ወሰድን። ጌሙን ተሸነፍን፤ ግን ስክሪንሾት የለጠፈ የለም።

ስሙን መጻፋችንን እስከ አረፋ እንቀጥላለን። ቦርከና፣ ስትመጡ ማከፋፈያ ያዙ፤ ሱቁ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው።