በ21ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን ዝቅ ካለ እንቁላል አልወጣም ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ልጅ ለመውለድ እየሞከርን ነው። የወር አበባዬ በየ35 ቀኑ ይመጣል፤ ብዙም አይዛነፍም። የወር አበባዬ በጀመረ በ21ኛው ቀን ደም ሰጥቼ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን 0.8 ናኖግራም በሚሊሊትር ሆነ። «እንቁላል አልወጣም» ተባልኩ። መድኃኒት ልጀምር? በጣም ጨንቆኛል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ አይዞሽ እህቴ። 21ኛው ቀን የሚያገለግለው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላሉ ሲወጣ የነበረበት ከረጢት ኮርፐስ ሉቲየም ይሆንና ፕሮጄስትሮን በብዛት ያመነጫል። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ካልተረገዘ 14 ቀን አካባቢ ቆይቶ ይከስማል፤ የወር አበባም ይመጣል። እንግዲህ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሪ። ከ35 ላይ 14 ሲነሳ 21! ደም የሰጠሽው እንቁላሉ ይወጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ቀን ነው። ያኔ ዝቅ ማለቱ ምን ይገርማል? በ28ኛው ቀን ይደገምልሽ። ከ3 በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል ማለት ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ ልክ ነው፤ ግን 14 ለሁሉም ሴት አይሠራም። ለአንዷ 12፣ ለሌላዋ 15 ሊሆን ይችላል። በሽንት የሚሠራውን የኤልኤች (እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርገው ሆርሞን) መመርመሪያ ብትጠቀሚ ይሻላል። ኤልኤች ሽቅብ ካለ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላል ይጠበቃል። ከዚያ ሳምንት ቆጥረሽ ደም ስጪ። የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ችግር (እንቁላል በወቅቱ እንዳይወጣ ሊያደርግ የሚችል የሆርሞን መዛባት) ካለብሽ ግን አትመኚው፤ ኤልኤች ሁሌም ከፍ ብሎ ሊያሳስትሽ ይችላል።

ውሻ አርቢ፦ የእኔ ውሻ ፕሮጄስትሮኗ መጨመር ሲጀምር ነው ሐኪሙ የምትጠቃበትን ቀን የሚወስነው። ሰው ላይስ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ጥሩ ጥያቄ። ውሻ ላይ ሆርሞኑ መጨመር የሚጀምረው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ቀን ለመምረጥ ይረዳል። ሴት ላይ ግን በደንብ ከፍ የሚለው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው። ውጤቱን ጠብቃችሁ ልሞክር ካላችሁ ረፍዷል። እንቁላል ከአንድ ቀን አይዘልም። የወንድ ዘር ግን ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ቀደም ማለት ነው የሚያዋጣው።

ጠያቂ፦ ኡፍ፣ ቀለል አለኝ! ሌላ ላብራቶሪ በናኖሞል ቢሰጠኝስ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ለ3.18 አካፍዪው፣ ወደ ናኖግራም ይመጣል።

አዋላጅ ነርስ፦ መድኃኒቱን ሳትጀምሪ ዑደትሽ 35 ቀን መሆኑን ለሐኪምሽ ንገሪው። ታይሮይድና ፕሮላክቲን የሚባለው የወተት ሆርሞንም ይታዩልሽ። ደግሞ ባልሽም ይመርመር እንጂ፤ አንቺ ብቻ ለምን ደም ትሰጫለሽ?