የዘር ፍሬዬ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘሁ፣ ቶሎ መልሱልኝ

ጭንቀታሙ፦ ወገን፣ አሁን ገላዬን ስታጠብ ነው የዳሰስኩት። ግራው ላይ ሽንብራ የሚያህል ጠንካራ ነገር አለ። ምንም አያመኝም። 26 ዓመቴ ነው። ካንሰር ይሆን? እሱ የሽማግሌ በሽታ አይደል?

የሰፈሩ ልጅ፦ ካላመመህ ተወው ባክህ። ሲያምህ ትሄዳለህ።

ነርሷ፦ ኧረ ተው፣ እንዲህ አይባልም! የዘር ፍሬ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። የሽማግሌ የምትሉት የፕሮስቴቱን፣ ከፊኛ በታች ያለውን ዕጢ ካንሰር ነው። ይሄኛው የጎረምሳና የጎልማሳ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚገኝባቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜ 33 ነው።

ጋሽ ሞላ፦ ልጆች፣ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። ሐበሻን አይነካም። በኛ ጊዜ ስሙንም ሰምተን አናውቅ።

ዶክተሩ፦ ጋሼ፣ ግማሹ ልክ ነዎት። ኖርዌይና ዴንማርክ ላይ በጣም ይበዛል፣ አፍሪካና እስያ ላይ ያንሳል። አሜሪካም ነጮቹን ከጥቁሮቹ ብዙ እጥፍ ነው የሚይዘው። ግን አነሰ እንጂ የለም አልተባለም። በጥቅሉም ብርቅ ነው፤ ከወንዶች ካንሰር 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ጠያቂው፣ ሕፃን ሆነህ ፍሬህ ከሆድህ ወደ ቆለጥ ከረጢቱ በጊዜው ወርዷል? አባትህ ወይ ወንድምህ ታመው ያውቃሉ?

ጭንቀታሙ፦ ቤተሰብ ውስጥ የለም። ልጅ እያለሁ ግን ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፣ ግራው አልወረደም ነበር አሉ። ምን አገናኘው?

ዶክተሩ፦ ዋናውን ነገር ደብቀህ! ሳይወርድ የቆየ ፍሬ ዋነኛው አጋላጭ ነው፣ ኦፕራሲዮን ቢደረግም። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ወይም ሌላ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ዳሰሳ ግን አይለይም። አልትራሳውንድ ተነሳ፣ የደም ምርመራም አለው። በመርፌ ወግተን ናሙና እንውሰድ ካሉህ እሺ አትበል። ፍሬው መውጣት ካለበት በብሽሽት በኩል ነው የሚወጣው። ካንሰር ቢሆን እንኳ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው ይድናል። በአንዱ ፍሬም ይወለዳል።

ፔዳል፦ አሜሪካዊውን ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግን ይሄን ካንሰር ብስክሌቱ ነው አይደል ያስያዘው? እኔም በየቀኑ እነዳለሁ!

ነርሷ፦ ብስክሌት አያመጣም። ሰውዬው በ1996 ሲታወቅበት 25 ዓመቱ ነበር፣ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደርሶ ዳነ። የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ድሎቹን የነጠቀው ዶፒንጉ፣ አበረታች መድኃኒቱ ነው።

የሰፈሩ ልጅ፦ ነጭ ሽንኩርት በማር ሞክር።

ነርሷ፦ አትሞክር። አልትራሳውንድ! ደግሞ ለሌሎቻችሁ፣ ድንገት በኃይል ካመማችሁ ፍሬው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጭንቀታሙ፦ ነገ እኮ ሥራ አለኝ። አለቃዬ ሴት ናት፣ ምን ብዬ ላስፈቅድ?

ፔዳል፦ ጥርሴን በል።