ለጥብቅና ሥራና ለቤት የሚሆን አንድ ስልክ፦ አንድሮይድ ወይስ አይፎን?

ጠያቂ፦ ጠበቃ፣ ልደታ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ልደታ አካባቢ አነስተኛ ቢሮ ከፍቼ በጥብቅና የምሠራ ነኝ። ላለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀምኩበት ሳምሰንግ ስልክ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ካቆመ ስለቆየ፣ ባትሪውም የከሰዓቱን ችሎት መድረስ ስለተሳነው ሌላ ስልክ መግዛት ግድ ሆኖብኛል። ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ አይፎን ልላክልሽ ይለኛል። ከእኔ ጋር ቢሮ የምትጋራው ባልደረባዬ ደግሞ ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች አዲስ ሳምሰንግ ከነደረሰኙ ብገዛ እንደሚሻለኝ አጥብቃ ትመክረኛለች።

ሁለት ሲም ካርዶች አሉኝ። በ09 የሚጀምረውን ቁጥር ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ቴሌብርም የተመዘገበው በእሱ ነው። በ07 የሚጀምረው ለቤተሰብ ብቻ ነው። ሁለት ስልክ ይዤ መዞሩን ሞክሬው ነበር፤ ነገር ግን አንደኛውን ችሎት ውስጥ ድምፁን አጥፍቼ ሌላውን ረስቼው፣ ዳኛው ቀና ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ቦርሳዬ ውስጥ ሲጮኽ ከቆየበት ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ። የክስና የመልስ ረቂቆችን ጸሐፊዬ በኮምፒውተር ጽፋ በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ እኔም መዝገቤ እስኪጠራ ኮሪደር ላይ ቆሜ አነባቸዋለሁ፣ አንዳንዴም እዚያው አርማቸዋለሁ።

ማታ ማታ ደግሞ ስልኩ የሰባት ዓመት ልጄ ንብረት ይሆናል። ባለፈው ወር የፍቺ ውሳኔ በጭንቀት ለምትጠባበቅ ደንበኛዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የምትጨፍር ድመት ስቲከር ልኮላት፣ ሴትየዋ «ውሳኔው ወጣ እንዴ?» ብላ እየተንቀጠቀጠች ደወለችልኝ። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ሙያዊ ግዴታዬ ስለሆነ ነገሩን እንደ ቀልድ ላልፈው አልቻልኩም። ሥራዬንና ቤቴን በአንድ ስልክ ውስጥ ለይቶ ለመያዝና ቢያንስ አምስት ዓመት ለመጠቀም የትኛው እንደሚያዋጣኝ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ሜክሲኮ

ከጻፉት ሁሉ እኔን ያሳሰበችኝ ድመቷ ናት፤ ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው 5ኛ እትሙ ጀምሮ የሥራ መተግበሪያዎችን ከግል መተግበሪያዎች ለይቶ የሚይዝ «የሥራ ፕሮፋይል» የሚባል አሠራር አለው። ይሁን እንጂ ይህ በዋናነት የሠራተኞቹን ስልኮች በማዕከል ለሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የታሰበ በመሆኑ፣ እንደ እርስዎ ቢሮውን ብቻውን ለሚመራ ሰው ትንሽ ይከብዳል። ለእርስዎ የሚቀርበው በሳምሰንግ ስልኮች ላይ የሚገኘው «ሴኪዩር ፎልደር» ነው። የራሱ የይለፍ ቃል ያለው ክፍል ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ የቴሌግራምን ሁለተኛ ቅጂ፣ የደንበኞችን ሰነዶችና ፎቶግራፎች ማስቀመጥ ይቻላል። ልጅዎ ስልኩን ሲያገኝ ውጭ ያለውን ቴሌግራም እንጂ የሥራውን አያይም። ይህ አገልግሎት በጣም ርካሽ በሆኑ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ስለማይገኝ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስልኩን ከፍተው መኖሩን ያረጋግጡ። ደግሞም ስልኩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ከተመለሰ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የሰነዶቹን ቅጂ በኮምፒውተር ላይ መያዝ የግድ ነው። ይህን ባለማድረጉ የሁለት ዓመት ፎቶ ያጣ የሥራ ባልደረባ አለኝ።

አይፎን ላይ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ክፍል የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው አይኦኤስ 18 ከተባለው የአይፎን ሥርዓተ ክወና እትም ጀምሮ ግን አንድን መተግበሪያ ነጥሎ ያለ ባለቤቱ ፊት ወይም የይለፍ ቁጥር እንዳይከፈት መቆለፍ፣ ከፈለጉም ከዓይን መሰወር ይቻላል። ቴሌግራም በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ከአንድ በላይ አካውንት ስለሚቀበል፣ ዋትስአፕ ደግሞ ራሱን የቻለ የንግድ መተግበሪያ ስላለው ሁለቱን ቁጥሮች አይፎን ላይም ማስተናገድ አያቅትም። ቴሌግራም ከተቆለፈ ግን የሚቆለፈው የቤቱም የቢሮውም አንድ ላይ ነው። ለልጅዎ ስልኩን ሲሰጡት በአንድ ጨዋታ ላይ ብቻ ተወስኖ እንዲቆይ የሚያደርግ አሠራር በሁለቱም ዘንድ አለ፤ በአይፎን «ጋይድድ አክሰስ»፣ በአንድሮይድ ደግሞ ስክሪኑን አንድ መተግበሪያ ላይ «ፒን» ማድረግ ይባላል። እኔ ብሆን ምንም ስልክ ብገዛ ዛሬውኑ በአሮጌው ላይ ይህን እጀምር ነበር።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ

አይፎን ከያዝኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ወገንተኛ መሆኔን አስቀድሜ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስ ኤስ፣ በ2024 የመጣውን አይኦኤስ 18 ጭምር ተቀብሎ፣ ከማሻሻያው ዝርዝር የወጣው በ2025 ነው። አምስት ዓመት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መልሶ ለመሸጥም አይፎን ዋጋው ቶሎ አይወድቅም።

ሆኖም የወንድምሽን ስጦታ ከመቀበልሽ በፊት በእኔ የደረሰውን ስሚ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከልኝ አይፎን 14 ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ በስልኩ ጎን ዙሪያውን ባስስ የሲም ማስገቢያ የሚባል ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት አይፎኖች በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይሰካ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ የሚሠሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ያም ብቻ አይደለም፤ ልጁ ስልኩን በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ስለገዛው ለአንድ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ተቆልፎ ነበርና ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ወራት ሙሉ እንደ ካሜራ ብቻ ይዤው ዞርኩ።

በኋላ ኢሲም አስገብቼ ያለ ችግር ተጠቀምኩበት። አንድ እሑድ ግን ስልኩ ወድቆ ስክሪኑ ጠቆረ። ያኔ ለዕቃ ማስረከቢያ ገንዘብ መላክ ነበረብኝ፤ የማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው። ቀድሞ ቢሆን ሲሙን በመርፌ አውጥቼ የእናቴ ስልክ ውስጥ እሰካው ነበር፤ ኢሲም ግን ከሞተ ስልክ ውስጥ ተነቅሎ አይወጣም። እስከ ሰኞ ጠበቅሁ፤ ዕቃ አስረካቢውም ጠበቀኝ፣ በቁጣ። ስለዚህ ወንድምሽ የሚልከው ከሆነ ሙሉ ዋጋው የተከፈለ፣ ከኩባንያ ቁልፍ ነፃ የሆነ ይሁን። ይህንንም ስልኩ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ገጽ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው መስመር ላይ ማየት ይቻላል፤ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ሊል ይገባል።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂም ልጨምር። አፕል በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን ጉግል 15 ይሰጣል። ተጨማሪ ለመግዛት የውጭ አገር ካርድ ስለሚያስፈልገኝ፣ እኔ በወር አንድ ጊዜ ኮምፒውተሬ ላይ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቅጂ አስቀምጣለሁ። አንድ ብር አልከፈልኩበትም፤ ለጠበቃም የተሻለው ይህ ይመስለኛል።

መልስ፦ ስልክ ጠጋኝ፣ ስታዲየም

እህቴ፣ ባለ ሁለት ሲም ከሆኑ ነገሩ በአጭሩ ያልቃል። ሁለት የሚነቀሉ ሲሞች የሚቀበለው አይፎን ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ገበያ የተሠራው ነው። ከአሜሪካ በቀር ከሌላው አገር የሚመጣው አንድ ሲምና ኢሲም ነበር፤ አይፎን 17 ከወጣ ወዲህ ግን ለዱባይ ገበያ የተሠራውም የሲም ቀዳዳ የለውም። የእኛ አገር ነጋዴ ደግሞ ብዙውን የሚያመጣው ከዱባይ ነው። ሳምሰንግ፣ ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ከገዙ ሁለቱን ሲም ሰክተው ይሄዳሉ።

ዘመኑን በተመለከተ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24 ሰባት ዓመት፣ ለኤ16ና ለኤ56 ስድስት ዓመት ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሏል። የሚቆጠረው ግን ስልኩ ለዓለም ገበያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን ጀምሮ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ያረጀ «አዲስ» ስልክ ሁለት ዓመቱ ተበልቷል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ስለከበደ፣ ሰው ቅናሽ ሲያይ የቆየውን ሞዴል ያነሣል፤ እኔ የምፈራው ይህን ነው።

ያገለገለ አይፎን ከሆነ ደግሞ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ ስክሪን ወይም ባትሪ ተቀይሮ ከሆነ «ያልታወቀ ዕቃ» ብሎ ራሱ ይነግርዎታል። የባትሪው ጤና ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪውን ዋጋ አስቀንሱ። የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን እፊትዎ ሳያወጣ ገንዘብ እንዳይቆጥሩ። *#06# ሲደውሉ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ማየት ለሁሉም ስልክ ነው።

መልስ፦ አንጋፋ ጠበቃ፣ አራት ኪሎ

የተከበሩ የሙያ ባልደረባዬ፣ ከላይ የተሰጡት ምክሮች ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎ የምትልከው ረቂቅ ስልክዎ ላይ በትክክል ይነበብ እንደሆነ ማንም አልጠየቀዎትም። እኔ አንድሮይድ ትቼ አይፎን የገዛሁት፣ ሰነዶቼ በአሮጌው ስልኬ ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ዝርግፍ ሆነው ስለሚታዩኝ ነበር። በአዲሱም ያው ዝርግፍ ጠበቀኝ፤ ያን ያህል ገንዘብ ከከሰከስኩ በኋላ ነው ጥፋቱ የስልኩ አለመሆኑ የገባኝ።

ብዙዎቹ ጸሐፊዎቻችን ዛሬም የሚሠሩት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ በመሆኑ፣ ፎንቱ የሌለበት መሣሪያ ሁሉ የሚያሳየው ከሥር ያለውን ላቲን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የራሱን ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሁለቱም የስልክ ዓይነቶች ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ይነበባል። ጸሐፊዎ በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት እንድትጽፍ ያድርጉ፤ ልማዷን መተው ካቃታት ደግሞ ፋይሉን በፒዲኤፍ ለውጣ ትላክልዎ። ፒዲኤፍ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚጓዝ ይነበባል፤ ማረም ግን አይመችም።

ሌላው የፊደል ገበታው ነው። በሁለቱም ስልኮች ላይ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን የአማርኛ የፊደል ገበታዎች መጫን ይቻላል። እንዲህ ያለው ገበታ ግን የምንነካትን እያንዳንዷን ፊደል ያልፍባታል። አይፎን የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ቦታ ላይ የባዕድ ገበታን ገለል አድርጎ የራሱን ያመጣል፤ የክስ ረቂቅ ሲጽፉ ግን ገለል የሚያደርግልዎ የለም። ጉግል የሠራው ገበታ አማርኛን ስለሚያካትት፣ አንድሮይድ የሚገዙ ከሆነ ሠሪው ያልታወቀ ገበታ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግዎትም። «ሙሉ ፈቃድ ስጠኝ» የሚል ገበታ ሲገጥምዎ፣ የደንበኛዎን ቃል አጠገብዎ ተቀምጦ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው እንዳለ ቆጥረው ይወስኑ።

ጠያቂዋ፦ ጠበቃ፣ ልደታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከችሎት ስወጣ ስታዲየም ሄጄ መካከለኛ ዋጋ ያለውና ባለፈው ዓመት የወጣ ሳምሰንግ ገዛሁ። ሻጩ ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ድረስ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ሁለቱን ሲሞች ሰካሁ፣ ሴኪዩር ፎልደሩን ከፈትኩ፣ ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር አመሳከርኩ። የጸሐፊዬን ረቂቅ ስከፍተው እውነትም ላቲን ሆኖ መጣ፤ አንጋፋው ባልደረባችን ባይጽፉልኝ ኖሮ ስልኩን እዚያው መልሼላቸው ነበር። ከጸሐፊዬ ጋር ስለ ፎንቱ የጀመርነው ክርክር ግን ገና እልባት አላገኘም፤ በአሥራ አራት ዓመት የለመድኩትን በአንድ ቀን አልተውም ብላለች። ወንድሜ ቅር ብሎታል። አሮጌውን ስልክ ለልጄ ልሰጠው አስቤያለሁ።

መልስ፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ሜክሲኮ

ከመስጠትዎ በፊት ከአዲሱ ስልክ ላይ የቴሌግራምን ቅንብር ከፍተው «መሣሪያዎች» በሚለው ስር አሮጌውን ያስወጡት፤ ከዚያ አሮጌውን ራሱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱት። ሲሙን አውጥቶ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ቴሌግራም ያለ ሲምም በዋይፋይ መሥራቱን ስለሚቀጥል ድመቷ ተመልሳ ትመጣለች።