ለእጩዎች የምንልከው መጠይቅ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

የማኅበሩ ጸሐፊ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እሑድ በተስማማነው መሠረት ከዲስትሪክታችን ለሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት ለሚወዳደሩት እጩዎች የምንልከውን መጠይቅ ጀምሬዋለሁ። ኖቬምበር 3 ቀን 2026 የ141ዱም ተወካዮችና የ47ቱም ሴናተሮች ወንበር ለምርጫ ይቀርባል። ዘንድሮ ካመለጠን እስከ 2030 መጠበቅ ነው።

ከእጩዎቹ አንዷ አቋሟን የዘረዘረችበትን ወረቀት አስቀድማ ልካልናለች። ቤት ኪራይ፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ግብር፣ ስደተኞች፣ ሁሉም አለበት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልካም ሰው ትመስለኛለች። ግን «አምናለሁ» እና «እደግፋለሁ» የሚሉት ቃላት በዝተውበታል፤ የትኛውን ረቂቅ ሕግ ይዛ ምክር ቤቱ ወዳለበት አናፖሊስ እንደምትገባ አልተጻፈም። ስለዚህ ጥያቄዎቻችን «ምን ታስቢያለሽ?» ሳይሆን «ምን ታደርጊያለሽ?» የሚሉ ይሁኑ። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ።

ከመሥራች አባላት አንዱ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ደክመሻል። እኔ ግን መጠይቁ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ልጅቷ በዓላችን ላይ መጥታ አብራን ቡና ጠጥታለች። ሌሎቹ ዞር ብለው አላዩንም። ማኅበሩ እሷን ደግፎ መግለጫ ያውጣና ይለቅ።

ገንዘብ ያዥ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይህን ማድረግ አንችልም። ማኅበራችን ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከ1954 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት እጩን መደገፍም መቃወምም ተከልክሏል። ከግብር ነፃ መሆናችንን ብናጣ የቅዳሜውን የልጆች የአማርኛ ትምህርት የሚያስተዳድረው ገንዘብ ይደርቃል። እርስዎ በግልዎ ይደግፉ፣ በርዎ ላይ ምልክቷን ይትከሉ፣ መብትዎ ነው። የማኅበሩን ስም ግን አናስገባም።

የተፈቀደልን ነገር ጥሩ ነገር ነው፦ አንድ ዓይነት ጥያቄ ለሁሉም እጩዎች መላክ፣ መልሳቸውን ሳንቆርጥ ሳንቀጥል ለአባላት ማውጣት፣ ሁሉንም ጋብዘን መድረክ ማዘጋጀት። ጥያቄዎቹም ወደ አንዱ እጩ ያዘነበሉ መሆን የለባቸውም።

ሾፌር አባል

በስልክ መተግበሪያ ለምንሠራው አንድ ጥያቄ ይግባልን። ወረቀቷ ላይ «ፍትሐዊ ደመወዝ» ይላል። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው፤ እኛ ግን ተቀጣሪ ስላልተባልን አይደርሰንም። ቤንዚኑ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ በራሳችን ነው። ሚኒሶታ በ2024 ሕግ አውጥታ ለአንድ ማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ ለአንድ ደቂቃ 31 ሳንቲም ዝቅተኛ ክፍያ ወስናለች። የታገሉትም እንደኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሾፌሮች ናቸው። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ ሕግ ለሜሪላንድ ታቀርባላችሁ ወይ?

ቤቷ ሕፃናት የምትጠብቅ አባል

ግዛቱ ለሕፃናት መዋያ የሚሰጠው ድጎማ በሜይ 2025 ለአዲስ አመልካቾች ሲዘጋ፣ እኔ ዘንድ ሊገቡ የነበሩ ሦስት ልጆች ቀሩ። ሁለቱ እናቶች የሌሊት ሥራ ያዙ፣ አንዷ ከነጭራሹ አቆመች። በጀቱ ጎድሏል መባሉን ሰምቻለሁ፤ ግን «ለቤተሰብ እቆማለሁ» የሚል ሁሉ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣው ይንገረን።

ወጣት አባል

ቲፒኤስ፣ የስደተኞች ጊዜያዊ ከለላው፣ የት ገባ? ቤተሰቦቻችን እንቅልፍ ያጡት በሱ ነው።

ጸሐፊ

ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፣ ሁላችንንም ያሳስበናል። ግን ቲፒኤስን የሚሰጠውም የሚያነሳውም የፌዴራል መንግሥት ነው። የአናፖሊስ ተወካይ «እታገላለሁ» ብትለን ደስ ይለናል እንጂ በእጇ አይደለም። የግዛቱ ምክር ቤት በዓመት የሚሰበሰበው ለ90 ቀን ብቻ ነው። ያችን አጭር ጊዜ ድምፅ ሊሰጡበት በሚችሉት ነገር እንያዝባቸው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው የቋንቋን ጉዳይ ነው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሄደው ፋርማሲው «መድንዎ ተቋርጧል» አላቸው። ቤታቸው ሄጄ ፖስታ ስንፈልግ ረከቦቱ ሥር አሥራ አንድ ኤንቨሎፕ አገኘን፣ ሁሉም እንደታሸገ። ማስታወቂያ ነው ብለው ነው ያስቀመጡት። ከመካከሉ ሦስቱ ከግዛቱ የመጡ የመድን እድሳት ደብዳቤዎች ነበሩ። ቀኑ አልፏል። ደብዳቤው ውስጥ በልዩ ልዩ ቋንቋ «እርዳታ ከፈለጉ ይደውሉ» የሚል ወረቀት አለ፤ ያልተከፈተ ኤንቨሎፕ ውስጥ ግን ማን ያየዋል? በስንት ስልክና ደጅ ጥናት መድኑ ተመለሰ። እሳቸው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ክኒናቸውን ግማሽ ግማሽ እየሰበሩ ነው የዋጡት።

አሁን ሕጉን እዩልኝ። ሜሪላንድ በ2002 ባወጣችው ሕግ መሠረት የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን የሚተረጉሙት፣ ቢሮው በሚያገለግለው አካባቢ ካለው ሕዝብ 3 በመቶ የሚሆኑ፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ ሰዎች ለሚናገሩት ቋንቋ ነው። ካውንቲያችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ 3 በመቶው ከ30 ሺህ በላይ ማለት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ሕጓን ስታወጣ «3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው» ብላ ጻፈች። አማርኛ እዚያ የገባው በዚህ ነው። ዲሲንና ሜሪላንድን ከሚለየው መንገድ፣ ከኢስተርን አቨኑ፣ ወዲያ ያለች እናት ደብዳቤዋን በአማርኛ የመቀበል መብት በሕግ ተጽፎላታል፤ ከመንገዱ ወዲህ ያለችው እናት የላትም። የሚለያያቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ያንን ዓረፍተ ነገር የሚቀይረው ደግሞ የነዚህ እጩዎች ድምፅ ነው።

ሌላ አባል

እስማማለሁ፣ ግን «አማርኛ ይጨመር» ብለን አንጻፈው። የእህቴ አማት ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አያነቡም። ጎረቤቴ ትግርኛ ነው የምታነበው። ቁጥሩ ይውረድ ካልን ሁሉም ይገባል፤ ሌሎቹም ማኅበራት አብረውን ይፈርማሉ።

ጸሐፊ

ትክክል ነሽ እህቴ፣ እኔ አላየሁትም ነበር። ኤንቨሎፑ ላይ ከውጭ የሚነበብ ማሳሰቢያ እንዲኖርም ጨምሬበታለሁ።

መሥራች አባሉ

እሺ፣ ተረታሁ። የኤንቨሎፑን ነገር ስሰማ የኔም ቤት አንዳንድ ያልተከፈተ ፖስታ እንዳለ ትዝ አለኝ። መልስ ያልላከ እጩ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍ።

ጸሐፊ

«መልስ አልሰጡም» ተብሎ ከስማቸው ትይዩ ይጻፋል፣ ጋሼ። የተስማማንባቸው እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ የ2002ቱን የቋንቋ ሕግ መነሻ ቁጥር ዝቅ የሚያደርግ ረቂቅ ቢቀርብ ስምዎን ያሰፍራሉ? ቁጥሩስ ስንት ቢሆን ይመርጣሉ? ኤንቨሎፑ ላይ ከውጭ የሚነበብ ማሳሰቢያ እንዲኖርስ ድምፅ ይሰጣሉ? ሁለተኛ፣ በመተግበሪያ ለሚሠሩ ሾፌሮች በማይልና በደቂቃ ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ እንዲወሰን ድምፅ ይሰጣሉ? ሦስተኛ፣ የሕፃናት መዋያ ድጎማው ለአዲስ አመልካቾች ክፍት እንዲሆን ገንዘቡን ከየትኛው የበጀት ክፍል ያመጣሉ? ለእያንዳንዱ ከ150 ቃል ያልበለጠ መልስ።

ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት የሚነሱ ጥያቄዎች ለመድረኩ ቀን ይቆዩ። ገንዘብ ያዣችን ጥያቄዎቹን ለጠበቃ ያሳያል። ሾፌሩ ወንድማችን የሚኒሶታውን ሕግ ሙሉ ቃል ያመጣል። እኔ እስከ ሐሙስ እንግሊዝኛውን ጨርሼ እዚሁ አኖረዋለሁ። ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ከሆኑ መጥቼ ፖስታውን አብረን እንክፈተው።